ሽልማቱ ይቅርብን የሚሉ ሳይንቲስቶች
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። ነዋሪነቴ ፒያሳ ሲሆን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። የመጨረሻዋ ልጄ አራት ኪሎ በማይክሮባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። በቅርቡ የትምህርት ክፍሏ ለወጣት ተመራማሪዎች በተዘጋጀ ሽልማት እንድትወዳደር ቢያሳስባት፣ «ቅጽ ስሞላ ስውል ባክቴሪያዎቼ ይበላሹብኛል» ብላ ተወችው። እኔ በዘመኔ አንዲት የምስጋና ደብዳቤ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ስለማውቅ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኛል። ስሞግታት አንድ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም ማለቱን ነገረችኝ። ይህ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ሳይንቲስቶች ከሽልማትና ከክብር ይልቅ ግኝቱን የሚያስቀድሙት ከልባቸው ነው ወይስ ያላገኙትን መናቃቸው ነው? ልጄንስ ምን ልበላት?
አንድ አባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ ልጅዎ የነገረችዎ እውነት ነው። ሰውየው የሴንት ፒተርስበርጉ ግሪጎሪ ፔሬልማን ናቸው። ፈረንሳዊው አንሪ ፖንካሬ በ1904 ያነሡትንና መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሒሳብ ሊቃውንትን ሲፈትን የኖረውን ጥያቄ፣ በ2002 እና በ2003 በኢንተርኔት ላይ ባወጧቸው ጽሑፎች ፈቱት (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2006 በሒሳብ ዘርፍ እጅግ የሚከበረውን የፊልድስ ሜዳሊያ አልቀበልም አሉ፤ በ2010 ደግሞ ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም የሸለማቸውን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሳይወስዱ ቀሩ። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ ለጥያቄው መፈታት የአሜሪካዊው ሪቻርድ ሃሚልተን ድርሻ ከእሳቸው እንደማያንስና የሒሳብ ሊቃውንቱ ማኅበረሰብ የሚሰጠው ውሳኔ ፍትሐዊ እንዳልመሰላቸው ተናግረዋል። እንግዲህ ገንዘቡን ናቁ ከማለት ይልቅ ዳኝነቱን አልተቀበሉም ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ያላገኙትን መናቅ ነው እንዳይባልም ሽልማቱ ደጃቸው ድረስ መጥቶላቸዋል።

ይሁንና ፔሬልማንን የሳይንቲስቶች ሁሉ አብነት ማድረግ ያሳስታል። አብዛኞቹ ሽልማት ሲመጣላቸው አመስግነው ይቀበላሉ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ በ1933 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ጭምት ሰው ነበሩና የሰው ዓይንና ወሬ ፈርተው እምቢ ለማለት አስበው ነበር፤ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ኧርነስት ራዘርፎርድ እምቢታው የባሰ ወሬ እንደሚያስነሣ ቢመክሯቸው ጊዜ ግን ተቀበሉት። ስለዚህ ሽልማቱን ተቀበሉ ወይስ አልተቀበሉም የሚለው ብዙ አይነግረንም። ይልቅስ ሽልማቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ምናልባትም ፈጽሞ በማይመጣበት ሁኔታ፣ ሰውን በአንድ ጥያቄ ላይ ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ዓመት አስቀምጦ የሚያሠራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ ይሻላል።

ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቤትዎ ተነሥተው በአራት ኪሎ በኩል ወደ አምስት ኪሎ ቢወጡ ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛሉ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በታኅሣሥ 2000 በአፋር ዲኪካ ያገኛትንና «ሰላም» ተብላ የተሰየመችውን የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ቅሪተ አካል ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። የሕፃኗ አጥንት ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር፣ አጥንቱን ሳይነኩ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ቅንጣት በቅንጣት ማንሣት አስፈለገ። ግኝቱ ለዓለም የተገለጸው በ2006 ነው። «አርዲ» የተባለችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ቅሪትም እንዲሁ ናት፤ የመጀመሪያዎቹን የእጅ አጥንቶች ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በ1994 መካከለኛው አዋሽ ውስጥ ካገኙ በኋላ፣ ዝርዝር ጥናቱ እስኪታተም ድረስ 15 ዓመት አልፏል። አጥንቶቹ ከመሰባበራቸው የተነሣ ሲነኳቸው ይፈራርሱ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥራ መካከል ያለን ሰው ሽልማት ሊያበረታው አይችልም፤ ሽልማት ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነውና። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ የሚያስነሣው፣ ከዚህች የድንጋይ ቅንጣት በታች ያለው ትከሻ ነው ወይስ የጎድን አጥንት የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየውም እሱ ራሱ ነው።

ይህ «ከሰው ሁሉ ቀድሞ ማየት» የሚባለው ነገር ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቀላል ይመስላል። ጆስሊን ቤል በርኔል በ1967 በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ የሬዲዮ ቴሌስኮፑ በቀን 30 ሜትር ያህል ወረቀት ላይ መስመር ይሥል ነበር፤ እሳቸው ያንን ሁሉ በዓይናቸው ይመረምሩ ነበር። በዚያ ርዝመት ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ፣ ከሌሎቹ የማትመስል ጭረት አዩና አልፈው አልሄዱም። ኋላ ላይ ምልክቱ በየ1.3 ሰከንዱ የሚመላለስ ምት ሆኖ ተገኘ፤ በታኅሣሥም ከሌላ የሰማይ አቅጣጫ ሁለተኛ ተመሳሳይ ምት ሲያገኙ ነገሩ የመሣሪያ ስህተት እንዳልሆነ ተረጋገጠ። በፍጥነት የሚሽከረከሩት ፐልሳር የተባሉት ኮከቦች የታወቁት እንዲህ ነው። የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት ግን ለአማካሪያቸው ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፤ የተማሪዋ ስም አልተካተተም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ግልጽ በደል ነው፤ እሳቸው ግን ጥርስ ነክሰው አልተቀመጡም። በ2018 የሦስት ሚሊዮን ዶላር ልዩ ሽልማት ሲያገኙ፣ ገንዘቡን በሙሉ በፊዚክስ ዕድል ላጡ የዶክትሬት ተማሪዎች መማሪያ እንዲውል ሰጡት።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበን የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። በ1964 አድዋ ላይ የብልሃርዝያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የብልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት ዕድገቱን የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የገደለ ሁሉ የበሽታውን መንገድ ይቆርጣል። ስለዚህ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ላይ እንድታፈስ ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። እንዶድን የማያውቅ እናት፣ የማያውቅ አያት በአገራችን አልነበረም፤ ወንዙ ዳር ቆሞ ይህንን ጥያቄ የጠየቀ ግን አልነበረም። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989፣ ማለትም ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የነበረው ጊዜ ያለፈው በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራ ምርመራ በሌላው ዓለም ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ በመሟገት ነበር። ሽልማት ፈላጊ ሰው ቢሆኑ ኖሮ በአምስተኛው ዓመት ሌላ ርእስ በፈለጉ ነበር።

አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክም ከዚህ የሚመሳሰል ዕጣ ደርሷቸዋል። በቆሎ ፍሬ ላይ የሚታየውን ዥንጉርጉር ቀለም እየተከታተሉ፣ ዘረመሎች በክሮሞዞም ላይ ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዘዋወሩ በ1940ዎቹ ደረሱበት። በ1951 በጉባኤ ላይ ሲያቀርቡት አብዛኛው ሰው አልገባውም፤ ቀስ በቀስም በጉዳዩ ላይ ማሳተሙን ተዉት፤ ምርምሩን ግን አልተዉም። ኖቤል የደረሳቸው በ1983፣ በ81 ዓመታቸው ነው፤ ዜናውንም የሰሙት ከሬዲዮ ነው። ያን ጊዜ የሰጡት ቃል ይህን ዓምድ ለሚያነብብ ሁሉ ይጠቅማል፦ በቆሎውን እየጠየቁና መልሱን እየጠበቁ ይህን ያህል ዓመት ሲደሰት ለኖረ ሰው ሽልማት መጨመር ፍትሐዊ ላይመስል ይችላል አሉ። ደመወዛቸውን አስቀድመው ተቀብለዋል ማለት ነው።

ሳይንቲስቶች በሽልማት ላይ ልባቸውን የማይጥሉበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ሸላሚዎች ይሳሳታሉ። ዴንማርካዊው ዮሐንስ ፊቢገር አንድ ትል በአይጥ ላይ ካንሰር ያመጣል ብለው ባቀረቡት ጥናት የ1926ን የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ፤ ኋላ ግን ድምዳሜው ስህተት ሆኖ ተገኘ። ሜዳሊያው ትሉን ካንሰር አምጪ አላደረገውም። ከዚህም ሌላ የኖቤል ደንብ በአንድ ዘርፍ ከሦስት ሰው በላይ እንዲሸለም አይፈቅድም፣ የሞተ ሰውም አይሸለምም፤ ለሒሳብም ሆነ ለሥነ ምድር የተለየ ዘርፍ የለውም። የአርዲን ጥናት የጻፉት ግን ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን መርጦ የቀሩትን መተው የሚችል ዳኛ ቢኖር እንኳ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በፍርዱ የሚስማሙ አይመስለንም።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሳይንቲስቶችን ከክብር ፍላጎት የጸዱ መናንያን ሊያስመስላቸው ይችላልና እዚህ ላይ ማረም ይገባል። አይዛክ ኒውተን ካልኩለስ የተባለውን የሒሳብ ዘርፍ ቀድሞ ያገኘው ማን ነው በሚለው ጉዳይ ከጎትፍሪድ ላይብኒትዝ ጋር ሲጣሉ፣ በ1712 ጉዳዩን እንዲያጣራ ኮሚቴ ያቆመው እሳቸው ፕሬዚዳንት የነበሩበት የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ንጉሣዊ ማኅበር ነበር፤ ሪፖርቱንም በአብዛኛው ያዘጋጁት ራሳቸው ኒውተን ነበሩ። ከሳሽም ዳኛም ሆኑ ማለት ነው። ሳይንቲስቶች በሜዳሊያ ባይጣሉም «መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው» በሚለው ሲጣሉ ኖረዋል። ስለዚህ «ክብር» በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳይቀላቀሉብን እንጠንቀቅ፤ አንደኛው ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ይህ የእገሌ ሥራ ነው ብለው መመስከራቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው አዳራሽ ውስጥ በጭብጨባ የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያውን የማይፈልግ ተመራማሪ ጥቂት ነው። በኮአርተም ውስጥ ያለው የወባ መድኃኒት የተቀመመበትን አርቴሚሲኒን ያገኙት የቻይናዋ ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው በ1977 ውጤቱን ሲያሳትሙ በቡድን ስም እንጂ በግል ስማቸው አልነበረም፤ የዘመኑ ሥርዓት እንዲያ ነበርና። ቱ ዩዩ ኖቤል የተቀበሉት በ2015 ነው፤ በመካከሉ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት መድኃኒቱን የሚያዝዙ ሐኪሞች እንኳ ማን እንዳገኘው አያውቁም ነበር። ስም እንዳይጠቀስ ማድረግን ትሕትና ብለን ማወደስ የለብንም።

እኛ አገር ደግሞ «የተመራማሪ ሽልማቱ ግኝቱ ነው» የሚለው አነጋገር አደገኛ ጎን አለው። ኬሚካል ከውጭ እስኪገባ ወራት ለሚጠብቅ፣ መብራት ሲጠፋ በማቀዝቀዣ ያስቀመጠው ናሙና ለሚበላሽበት ወጣት ይህን መናገር ማጽናኛ ሳይሆን ማላገጫ ይሆናል። ፈረንሳዊው ፒየር ኩሪ መንግሥታቸው ኒሻን ሊሰጣቸው ሲያስብ የመለሱት መልስ ነገሩን በልኩ ያስቀምጠዋል፤ ኒሻን ቅንጣት ያህል እንደማያስፈልጋቸው፣ ላብራቶሪ ግን እጅግ እንደሚያስፈልጋቸው ጻፉ። እሳቸውና ባለቤታቸው ማሪ ኩሪ ራዲየምን ያወጡት ዝናብ በሚያፈስስ መጋዘን ውስጥ፣ ብዙ ቶን ማዕድን እየቀቀሉና እያጣሩ ነው፤ የአሠራሩንም ባለመብትነት በፓተንት አላስመዘገቡም። ኒሻኑን እምቢ ያሉት ሰው ምንም አልጠየቁም ማለት ግን አይደለም፤ መሥሪያ ቦታ ጠይቀዋል። ሽልማት ንቆ መሣሪያ የሚለምን ሰው ሲያጋጥመን ትሕትናውን አድንቀን ልመናውን ብንረሳ፣ ያደነቅነው ለራሳችን የሚመቸንን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ እንመለስ። በመጀመሪያ፣ ባክቴሪያዎቼ ይበላሻሉ ማለቷ ሰበብ ላይሆን እንደሚችል ይወቁላት። ባክቴሪያ በሳህን ላይ ተዘርቶ መድኃኒት መቋቋሙ የሚለካበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በ16 እና በ20 ሰዓት መካከል ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ ልኬቱ የማይታመን ይሆንና ሥራው እንደገና ይጀመራል። እርስዎ የወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሳይዘጋ ወንበርዎን ለቅቀው ይሄዱ እንዳልነበር ሁሉ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለወጣት ተመራማሪ የሚሰጥ ሽልማት ከታላላቆቹ ሜዳሊያዎች የተለየ ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ኬሚካል መግዣ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ መሄጃ ይሆናል። ስለዚህ «ክብሩ አያጓጓሽም ወይ» ብለው ከመሟገት፣ «ገንዘቡ ለምርምርሽ ምን ይገዛልሻል» ብለው ቢጠይቋት ይሻላል። የሚገዛላት ነገር ካለ ቅጹን ሳህኖቿ በማይነበቡበት ሰዓት ትሞላዋለች፤ የሚገዛላት ነገር ከሌለም ሽልማቱ ቢቀርባት የሚጎድልባት ነገር የለም። ሦስተኛ፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ለሥራ መሠራቱ ብቸኛው ማስረጃ ነበር፤ በእሷ ሙያ ግን ማስረጃው የሚታተመው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ስሟ በተገቢው ቦታ መቀመጡን ግን አጥብቀው ይጠይቁላት፤ እዚያ ላይ ቸልተኛ እንድትሆን አይፍቀዱላት።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ነኝ። በየመንፈቀ ዓመቱ ለሳይንስ ክበብ አባላት የምስክር ወረቀትና ስጦታ እንሰጣለን። ሽልማት የልጆችን የማወቅ ፍቅር ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነውን? ከሆነስ እንተወው?
መምህርት፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ እኅታችን፣ በዚህ ጉዳይ በሰፊው የሚጠቀሰው በ1973 በአሜሪካ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ያሳተሙት ጥናት ነው። በራሳቸው ፍላጎት ሥዕል መሣል የሚወዱ የአጸደ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ፤ አንደኞቹ ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ ተባሉ፤ ለሁለተኞቹ ምንም ሳይነገራቸው ሥለው ከጨረሱ በኋላ ያው ወረቀት ተሰጣቸው፤ ሦስተኞቹ አልተሸለሙም። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ልጆቹ በነጻ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ አስቀድሞ ሽልማት የተነገራቸው ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ጉዳት ያመጣው ወረቀቱ ሳይሆን አስቀድሞ የተገባው ቃል ነው።

በአዋቂዎች ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ጆርጅ ቦርጃስና ከርክ ዶራን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የፊልድስ ሜዳሊያ ያገኙ ሰዎችን፣ ለሜዳሊያው ይበቁ ከነበሩ ግን ካላገኙ እኩዮቻቸው ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ተሸላሚዎቹ ከሽልማቱ በኋላ የሚያወጡት ጽሑፍ ማነሱን ደረሱበት። ከፊሉ ምክንያት ግን ወደማያውቁት አዲስ መስክ መግባታቸው ነው፤ ሽልማቱ ሰነፍ አደረጋቸው ብቻ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን መተው አያስፈልግዎትም። በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ አይወጁት፤ በስጦታም አያስጎምጁ። ወረቀቱ ላይ «አንደኛ የወጣ» ከሚል ይልቅ ልጁ ምን እንዳስተዋለ ይጻፉበት፤ ለምሳሌ የባቄላ ዘር በጨለማ ሲበቅል ግንዱ እንደሚረዝምና እንደሚገረጣ ያየ ልጅ ይህንኑ በስሙ ተጽፎ ይውሰድ። ለስጦታ ከተያዘው ገንዘብ ከፊሉን ደግሞ ክበቡ በጋራ የሚጠቀምበት አጉሊ መነጽር ቢገዙበት፣ ያልተሸለሙትም ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት የሚያዩበት ነገር ይኖራቸዋል።